ሰባተኛዋ ታንኳ እና የወንድሜ ጀርባ

ጥቅምት 4

ዛሬ አሥራ ሁለት ታንኳ። ሃያ አራት የጉልበት ስፖንጅ። ማስቲሹ ጣቶቼ ላይ ደርቆ ሲላጥ ይውላል።

ሥራው ቀላል ነው። ታንኳ ቀዛፊ ተንበርክኮ ስለሚቀዝፍ ከጉልበቱ ሥር ስፖንጅ ይለጠፍለታል። ቀኝ፣ ግራ፣ ተጫን፣ እስከ ሃያ ቁጠር። ለዚህ ነው አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥኩት። ጠረጴዛው ደግሞ አንድ እግሩ አጭር ነው፣ በተጫንኩ ቁጥር ይነቀነቃል።

ቀና ስል በመስታወቱ በኩል የድሮ ጠረጴዛዬ ይታየኛል። የንድፍ ጠረጴዛው። ክራቫት ተቀምጦበታል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው። የፕላስቲክ ብናኝ በሚዘንብበት ፋብሪካ ክራቫት አስሮ ስለሚመጣ እንዲህ አልነው። በኔ ማስመሪያ ያሰምራል። ዛሬ እርሳስ ሲያኝክ አየሁት። የኔን እርሳስ።

አምስት ወር ሆነ።

ጥቅምት 5

ወንድሜ ዛሬም ስልኩን አላነሳም። ለእማ ያነሳል። "ደህና ነው፣ በልቷል፣ ሐኪሙ ጋ ሄዷል" ትለኛለች። ከሐኪም ቤት ወጥቶ አክስታችን ቤት ከገባ ወዲህ ለኔ አንድ ቃል የለም።

የሚናፍቀኝ ፊቱ አይደለም። ጀርባው ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ በአንድ ታንኳ ስንቀዝፍ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ከፊት ያለው መንገዱን ያያል፣ ይጣራል። ከኋላ ያለው ይመራል። አሥር ዓመት ሙሉ ያየሁት ጀርባውን ነው። ድንጋይ ሲያይ "ቀኝ" ከማለቱ በፊት ግራ ትከሻው ከፍ ይላል። ሲፈራ አንገቱ ጃኬቱ ውስጥ ይገባል። ሲስቅ... ጀርባው ነው የሚስቀው።

ወንድሜን ዳክዬ ያለችው እማ ናት። በደንብ ሳይራመድ ዋኘ።

የሠራሁት ታንኳ ጉልበቱን ስለሰበረው ነው የማያናግረኝ። ሌላ ምን ምክንያት ይኖረዋል?

ጥቅምት 7

የፋብሪካው ባለቤት በምሳ ሰዓት ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። አላየኝም፣ ስፖንጁን ነው ያየው።

"ያቺን ቀይ ታንኳ ስፖንጇንና ቀበቶዋን ፍቺያት። ትፈጫለች። ሞልዷም በወሩ መጨረሻ ይቀልጣል፣ አሉሚኒየሙ ለሌላ ይፈለጋል።"

ቀይዋ ታንኳ ሰባተኛዋ ናት፤ ሞልዷ ደግሞ ፕላስቲኩ ቀልጦ ቅርጿን የያዘበት የአሉሚኒየም ቅርጽ ማውጫ ነው። ከሷ በፊት የነደፍኳቸው ስድስቱ ለሰፊ ወንዝ ናቸው፤ ረጃጅም፣ ፈጣን፣ ጠርዛቸው ስለት የሆነ። ሰባተኛዋን ግን በድንጋይ መሐል እንደ ደረጃ ለሚወርድ ጠባብ ውሃ ነው የሳልኳት። አጭር። ድፍን። ሆዷ እንደ ጨረቃ ጎብጦ ሁለቱ ጫፎቿ ከውሃው ይነሳሉ። ከፏፏቴ ስትወድቅ ከሁሉ ቀድሞ አፍንጫዋ ብቅ እንዲል።

ግንቦት 10 ግን ድስት ላይ አልወጣም። ድስት ማለት እኛው ለፏፏቴው ያወጣንለት ስም ነው፣ ከሥሩ ውሃው ስለሚንተከተክ። አፍንጫዋ ገባ፣ ሁለት ድንጋይ መሐል ተሰካ፣ ወገቧ ታጠፈ። ሞካሪው ወንድሜ ነበር፣ ጉልበቱ ከውስጥ።

በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ ደረሰኝ። "የንድፍ ስህተት።" ከሥሩ "አልስማማም" ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። እጄ አልተስማማም። ሌላው ገላዬ ግን... አመነ። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልሳልኩም።

ከመጋዘኑ ኋላ ሄጄ ዛሬ አየኋት። እንኳን ልፈታት፣ መንካትም አቃተኝ።

ጥቅምት 8

ከቁም ሳጥን ኋላ ፎርማዋን አወጣሁ። የሆዷን መስመር የቆረጥኩበት ኮምፖርሳቶ። ከአንዱ ጣውላ ሁለት ቁራጭ ይወጣል። አንዱ ጎድጓዳ፣ ታንኳዋ ሆድ ላይ የሚጋደም፤ ሌላው ጎባጣ፣ ሞልዱ ውስጥ የሚገባ። ሁለቱንም አቅፌ አውቶቡስ ገባሁ።

"እህት፣ ምንድን ነው እሱ? የአልጋ ራስጌ?" አለ ረዳቱ።

"የወንዝ መንገድ ነው።"

"እሺ፣ ወንዙን ከበሩ ገለል አድርጊልኝ።"

ታንኳዋን ገልብጬ ጎድጓዳውን ሆዷ ላይ አጋደምኩት። የታጠፈችው ከወገቧ ኋላ ስለሆነ ፊቷ ደህና ነው። አፍንጫዋ ጋ ነካ። መሐል ላይ ግን አየር። ጣቶቼን አስገባሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

አራት ጣት። ሆዷ ተዘርግቷል። ይሄ የኔ መስመር አይደለም።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አምስት ወር ሙሉ የጠላሁት እጄን... አየሁት።

ጥቅምት 9

ክራቫት ነው። ከሱ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ከአደጋው አንድ ወር ቀድሞ ነው የተቀጠረው። ሞልዱን ነክቶታል።

በምሳ ሰዓት ጎባጣውን ፎርማ ይዤ ሞልዱ ውስጥ ገባሁ። ቁጭ አለ። ጣት ቀርቶ ፀጉር አያሾልክም። ሦስት ቦታ ሞከርኩ። ሞልዱ የኔው ነው፣ ንክች አላለም።

ቀና ስል ክራቫት ከላይ ቆሞ ያየኛል።

"ምን እየፈለግሽ ነው?"

"ያንተን እጅ።"

"እኔ ሞልዱን ነክቼ አላውቅም።" ክራቫቱን ማጠንጠን ጀመረ። "እውነቱን ልንገርሽ? ስዕልሽን ሦስት ጊዜ አስልቼዋለሁ። ስህተቱን አላገኘሁትም።"

"መቼ?"

"ሰኔ ላይ።"

"ለባለቤቱ ነገርከው?"

"አዲስ ነበርኩ..."

አዲስ ነበርኩ። እኔ እዚህ ማስቲሽ እየላጥኩ እሱ አዲስ ነበር። የሚሰደብ ብዙ ነገር አፌ ድረስ መጥቶ ነበር።

"እርሳሴን መልስልኝ" አልኩት። መለሰልኝ። ጫፉ ታኝኮ አልቋል።

ጥቅምት 11

ሞልዱ ትክክል፣ ታንኳዋ ስህተት። እንግዲህ በሁለቱ መሐል ያሉት ጋሽ ምድጃ ብቻ ናቸው። የፕላስቲኩን ዱቄት ሞልድ ውስጥ ጨምረው፣ ምድጃ ውስጥ አሽከርክረው ታንኳ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ሌላ ስም እንዳላቸው የሚያውቅ የለም።

"ጋሽዬ፣ ሰባተኛዋ ከሞልዷ ጋር አትገጥምም።"

ፎጣቸውን አጠፉ። ዘረጉ። ደግመው አጠፉ።

"ተይው ይሄን ነገር፣ ልጄ።"

"አልተውም።"

"ተይው አልኩሽ እኮ።"

"እኔም አልተውም አልኩዎት እኮ።"

"ይሄ ግንባርሽ የናትሽ ነው" አሉ። መዝገባቸውን ከምስማሩ አውርደው ገልጠው ሰጡኝ። ታንኳዋ የገባችበት ሰዓት፣ የወጣችበት ሰዓት፣ አልጋ ላይ የዋለችበት። በሰባተኛዋ መስመር ላይ አልጋው ባዶ ነው። አንዲት ሰረዝ ብቻ።

አልጋ የሚሉት የታንኳዋ ሆድ የሚያርፍበትን የእንጨት መደገፊያ ነው። ለያንዳንዱ አዲስ ሠራተኛ የሚነግሩት ነገር አለ። አዲስ ታንኳ አራስ ናት፣ አንድ ቀን ሙሉ ትተኛለች፣ አትነካም። ሙቅ ፕላስቲክ የያዘውን ነገር ቅርጽ ይይዛል።

"ማን አነሳት?"

መዝገቡን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ።

"ጋሽዬ።"

"ወንድምሽ መጣ። ነገ የእህቴ ልደት ነው፣ ወንዙ ዳር ስትደርስ ታንኳዋ ውሃ ላይ ትጠብቃት አለኝ። ባለቤቱም ሳምንቱን ሙሉ እስከ ቅዳሜ ውሃ ላይ ካላየኋት እያለ ይጮህ ነበር። ገና ለብ ያለች ናት አልኩት። በመንገድ ንፋስ ይበርዳታል አለኝ። ሳቀ። አሳቀኝ። ሰጠሁት።"

ወንድሜ በሆዷ የመኪናው ጣሪያ ፖርቶ መጋላ ላይ አጋድሞ ሁለቱን ጫፎቿን በገመድ ወደ ታች ወጥሮ አሰረ። ሦስት ሰዓት መንገድ፣ በፀሐይ። ስትደርስ በርዳለች። በተወጠረችበት ቅርጽ።

"እሱ ያውቃል?"

"ሐኪም ቤት ሄጄ ነገርኩት። እሷ እንዳትሰማ አለኝ።"

ጥቅምት 12

ያውቅ ነበር።

ጥቅምት 13

መዝገቡን ወስጄ ባለቤቱ ፊት ብዘረጋው በአምስት ደቂቃ ስሜ ይጸዳል። ሞልዱም አይቀልጥም። ጋሽ ምድጃ ግን ጡረታቸው ሊደርስ ዓመት ሲቀራቸው ይባረራሉ። ወንድሜ ደግሞ ጉልበቱን ራሱ የሰበረ፣ እህቱን ያስጠየቀ ይባላል።

ዝም ካልኩ? በወሩ መጨረሻ መስመሬ ቀልጦ የሌላ ነገር ክዳን ይሆናል።

ለምን እኔ ልምረጥ? እነሱ እኮ አልመረጡልኝም። ግንቦት ላይ ማን አሰበልኝ?

ደግሞ ያ ሞኝ... ለልደቴ ነው ያደረገው። ብቻዬን ሆኜ ስናደድ እንኳ እዚህ ጋ ስደርስ ንዴቱ ይሰበርብኛል። ውሃው ዳር ቆሞ፣ ከኋላው ቀይ ታንኳ፣ እንዳላይ በጀርባው ሲከልላት ይታየኛል።

ጥቅምት 17

ሄድኩ። ሳልደውል። አክስቴ በሩን ከፈተችልኝ።

"አንቺ ነሽ? ግቢ፣ ግቢ። ጓሮ ነው። ከዶሮዎቹ ጋር ተኳርፎ ተቀምጧል።"

ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር አየሁት። ቀኝ እግሩን የተደፋ ባልዲ ላይ አጋድሟል። አይታጠፍም። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። ቆምኩ። ትንሽ ልየው ብዬ... ጀርባው ቀጥኗል።

"አረማመድሽን አውቀዋለሁ" አለ ሳይዞር። "አንድ ሰው ልትመቺ ስትመጪ እንዲህ ነው የምትራመጂው።"

"ጋሽ ምድጃ ነገሩኝ።"

አንገቱ ሸሚዙ ውስጥ ገባ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ልነግርሽ ስንት ጊዜ ተነሳሁ። አንዱም በሩ ድረስ አላደረሰኝም።" እግሩን አየ። "አሁን ደግሞ ስሜ ልክ ሆነልኝ። አረማመዴን ብታዪ ዳክዬ ነኝ።"

"አታስቀኝ።"

"እሺ።"

"አምስት ወር ሙሉ እጄን ስጠላ ነበር። ገባህ? መስመር መሳል አቁሜያለሁ። አንተ ጉልበትህን ሰበርክ፣ እኔን ደግሞ እጄን ሰበርከኝ፣ ከዚያ ስልክ ዘጋህብኝ።"

አጠገቡ የተጋደመውን ክራንች አነሳ። "ብታዪኝ ታውቂብኛለሽ ብዬ ነው" አለ። "አንቺ ጀርባዬን ታነቢያለሽ።"

ለባለቤቱ ራሱ ሄዶ እንደሚናገር ነገረኝ። "ጋሽ ምድጃስ?" አልኩት። እግሩን በሁለት እጁ አንስቶ ባልዲው ላይ አስተካከለ።

"ሞልዱ ሳይቀልጥ አንድ ታንኳ አወጣለሁ" አልኩ። "አንድ ቀን ሙሉ አልጋ ላይ ታርፋለች። ከዚያ ድስትን እወርድባታለሁ።"

"አብደሻል።"

"ገመድ ይዘህ ዳር ትቆማለህ ወይስ አትቆምም?"

ባልዲውን በክራንቹ ነካ ነካ አደረገ።

"ማን ይቆምልሻል ታዲያ" አለ። "ዶሮዎቹ?"

ጥቅምት 20

ባለቤቱ ቢሮ። እንድቀመጥ አልጋበዘኝም፣ ተቀመጥኩ።

"ከዚያው ሞልድ አንድ ታንኳ ይውጣልኝ። ምንም ሳይለወጥ። ድስት ላይ እወርዳለሁ፣ እርስዎ ያያሉ። አፍንጫዋ ከገባ ሞልዱን በገዛ እጄ እቆራርጠዋለሁ።"

"ሁለተኛ ሰው ልታስጎጂብኝ ነው?"

"ሰውየው እኔ ነኝ። ጉዳቱም የኔ።"

"ግትር ነሽ።"

"ታንኳ ነዳፊ ነኝ።"

"እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም" አለ። ከዚያ ልወጣ በሩን ስይዝ፣ "በስንት ሰዓት ነው?"

ጥቅምት 24

ትናንት ወጣች። ሰማያዊ ናት፣ ቀይ ዱቄት አልቋል። ጋሽ ምድጃ አልጋው ላይ አስተኝተው ወንበራቸውን አጠገቧ አደረጉ። እስከ ዛሬ ከሰዓት ማንንም አላስነኩም። ክራቫት ጠጋ ሲል "ወዲያ፣ አራስ ቤት ነው" አሉት።

ፎርማውን አጋደምኩ። ከአፍንጫ እስከ ወገብ እንደ እጅና ጓንት። ጋሽ ምድጃ በዓይናቸው ጠየቁኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ፎጣቸውን አውጥተው ላባቸውን ጠረጉ። ላባቸውን ነው ብለውኛል።

ጥቅምት 27

ብርድ። ውሃው ሞልቷል።

ዳክዬ ድንጋዩ ላይ ቆሟል፣ አንዱ እጁ ክራንች፣ አንዱ እጁ ገመድ። ባለቤቱ ከዛፉ ሥር፣ እጁን ኪሱ ውስጥ። ጋሽ ምድጃ ወደ ውሃው ማየት አልቻሉም፣ መኪናው ውስጥ ነበሩ።

ተንበረከክኩ። ቀበቶውን ጭኔ ላይ አጠበቅኩ። ስፖንጁን የለጠፍኩት እኔው ነኝ፣ እስከ ሃያ ሳይሆን እስከ መቶ ቆጥሬ። የድስት ድምፅ ከመታየቱ በፊት ደረት ውስጥ ነው የሚሰማው።

ከድስት ከንፈር ላይ ስደርስ አንድ ቀዘፋ ብቻ ቀረኝ። ቀዘፍኩ። ወደቅኩ። ነጭ። ጆሮዬ ውስጥ፣ አፍንጫዬ ውስጥ ነጭ። ሆዷ ነካ፣ ተንሸራተተ... አፍንጫዋ ተነሳ። ከኔ ቀድሞ። ልክ እንደ ሳልኳት። እንደሚነሳ አውቅ ነበር? አውቅ ነበር።

ለብ ያለ ነገር ፊቴ ላይ ወረደ። ውሃው ግን በረዶ ነው።

ቀና ስል ከፊቴ ጀርባውን ፈለግኩ። ታንኳዋ የአንድ ሰው መሆኗን ረስቼ። ከፊቴ ባዶ ሰማያዊ ፕላስቲክ ብቻ። እዚያ ነው የጎደለኝን ያወቅኩት።

ዳር ስደርስ እጁን ዘረጋልኝ። ፊቱን ከቅርብ አየሁት። ለካ ሽበት ጀምሮታል።

ባለቤቱ መጣ። "ምን ለወጥሽ?"

"ምንም።"

"ታዲያ ያኔ ምን ሆነ?"

ዳክዬ አፉን ሊከፍት ሲል ግራ ትከሻው ከፍ አለ። አየሁት። ቀደምኩት።

"ያኔ ሳትበርድ ወጣች።"

"ማን አወጣት?"

"የእርስዎ ፋብሪካ። እስከ ቅዳሜ ውሃ ላይ ካላየኋት እያሉ አልነበር?"

ዓይኑን ወደ ወንዙ መለሰ።

መኪና ውስጥ ዳክዬ ጠየቀኝ። "ለምን አልነገርሽውም?"

"የኔን ተናግሬያለሁ። የቀረው ያንተ ነው። ሲያሰኝህ ንገረው።"

ኅዳር 3

ነገረው። ዛሬ ጠዋት በክራንቹ ፎቅ ድረስ ወጣ፣ አሳንሰር የለንም። ጋሽ ምድጃ ሲያዩት መዝገባቸውን ይዘው ተከተሉት። ሁለቱም "እኔ ነኝ" እያሉ ባለቤቱ ፊት ተሟገቱ አሉ። ክራቫት በመስታወቱ አይቶ ነገረኝ።

ጋሽ ምድጃ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። አልተባረሩም። ዳክዬ እስከ ዛሬ የፋብሪካው ሞካሪ ይባል ነበር፣ ያም ቀረ። "ድሮስ በዚህ ጉልበት ተንበርክኬ ልሞክር ነው?" አለኝ። ሊያስቀኝ ነበር። አልሳቅኩም።

ለኔ ደግሞ ወረቀት። አንድ መስመር። "የንድፍ ስህተት አልነበረም።" ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም፣ ገልብጬም አየሁ። አራት ቦታ አጠፍኩትና ከማጣበቂያው ጠረጴዛ አጭር እግር ሥር ሰካሁት። አይነቀነቅም አሁን። ከዚያ ማስመሪያዬን ወስጄ ወደ መስታወቱ ክፍል ሄድኩ።

ኅዳር 11

ሞልዱ አልቀለጠም። ሰባተኛዋ ትቀጥላለች።

እኔ ግን ስለ ሰባተኛዋ አይደለም የማስበው። የማይታጠፍ እግር። መንበርከክ የለም። ቁጭ ማለት ብቻ፣ እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ። ቁጭ ያለ ሰው ከተንበረከከ ሰው ከፍ ይላል፣ ከፍ ያለ ሰው ቶሎ ይገለበጣል። ስለዚህ ሆዷ በአንድ ስንዝር ይስፋ። ስትሰፋ ደግሞ ትዘገያለች... ትዘግይ። ቸኩለን አየነው አይደል?

ዳክዬ እግሩን ለመዘርጋት ከፊቱ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ያ ባዶ ቦታ ያለው ከኋላ ነው። ስለዚህ ከፊት የምቀመጠው እኔ እሆናለሁ ማለት ነው።

ከፊት ተቀምጬ አላውቅም።

ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። አራተኛው ላይ መስመሩ መጣ። በታኘከው እርሳስ።

ጥር 16

ስምንተኛዋ። የሁለት ሰው። አልጋ ላይ ሁለት ቀን ነው የተኛችው፣ ጋሽ ምድጃ "መንታ ናት" ብለው። ከድስት በታች፣ ወንዙ ገር የሚሆንበት ቦታ ወሰድናት። እማ ዳር ላይ ፎጣ ይዛ ቆመች፣ ልክ ስድስት ዓመታችን ይመስል።

ዳክዬ ሲገባ ክራንቹን ለእማ ሰጣት። እግሩን ዘረጋ። "ወንበሩ ይመቻል" አለ። "የንድፍ ስህተት የለበትም።" ይሄን ጊዜ ሳቅኩ።

ገፋን። ከፊቴ ወንዙ ብቻ። ምንም የሚከልል ነገር የለም፣ ሸሚዝ የለም፣ ጃኬት የለም። ይሄን ሁሉ ዓመት እሱ የሚያየው ይሄን ነበር? ጀርባው አሁንም ይናፍቀኛል። ዞሬ ላየው አልችልም፣ ከዞርኩ ታንኳዋ ትናጋለች። የመቅዘፊያውን ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው። ትንፋሹንም።

"አንቺ" አለኝ ከኋላዬ። "ስትፈሪ አንገትሽ ጃኬትሽ ውስጥ እንደሚገባ ታውቂያለሽ?"

"አልፈራሁም።"

"እሺ። አልፈራሽም።"

ከመታጠፊያው ላይ ድንጋይ ብቅ አለ። ግራ ትከሻዬ ሲነሳ ተሰማኝ። "ቀኝ" አልኩ።

ከማለቴ በፊት መዞር ጀምረን ነበር።